«ገበያው ቀዝቅዟል» ብለው የጣሉኝ ነጋዴዎች

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን መካኒሳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ አንዲት ጎረቤቴ፣ «ለመሆኑ ይህን ሁሉ ዘመን የምታስተምሪው ምን ነበር?» አለችኝ። ዓለም አቀፍ ፖለቲካዊ ኢኮኖሚ፣ ለማስተርስ ተማሪዎች፣ አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ፖለቲካ ነው ወይስ ኢኮኖሚ?» አለች። «ሁለቱም።» «እንግዲያው ከሁለቱም ይጠብቅሽ» አለችኝና ተራዋ ደርሶ ገባች።

ስቄ ቀረሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ስሙ ሲጠራ ከባድ ይመስላል እንጂ የሙያው ጥያቄ አንድ ነው፤ እዚህ እኛ ሠፈር ያለ ሱቅ ውስጥ የሚስማር ዋጋ ዛሬ ጠዋት ሲለወጥ ማነው የወሰነው? መልሱን ፍለጋ ከሱቁ ተነስተሽ በአከፋፋይ፣ በባንክ፣ በወደብ፣ በባሕር ማዶ ፋብሪካና በሩቅ አገር መንግሥት በኩል ትዞሪና ተመልሰሽ ሱቁ ደጃፍ ትደርሻለሽ። ይህን መንገድ ለብዙ ተማሪ አሳይቻለሁ። ጎበዝ አስተማሪ ነበርኩ። ሌሎችም ይሉታል፤ እኔም እላለሁ። ጎበዝ የሆንኩበት ምክንያት ግን መጀመሪያ ክፉኛ ስለወደቅሁ ነው፣ የጣሉኝም የሠፈሬ ነጋዴዎች ናቸው።

ሥራ የጀመርኩት ባንክ ቤት ነው። የውጭ ምንዛሪ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ዕቃ ለማስመጣት ዶላር የሚጠይቁ ሰዎች ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል፣ ሰነዱ መሟላቱን አይቼ፣ ወረፋ አስይዤ ወደ ላይ አሳልፈዋለሁ። ደመወዙ ክፉ አልነበረም። አለቃዬም ሻይ ሲያዝዙ ለሁላችን የሚያዝዙ ደግ ሰው ነበሩ። ግን ራሴን እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ አየው ነበር፤ ሰልፉን አስተካክላለሁ፣ ተሳፋሪው ወዴት እንደሚሄድ ግን አላውቅም። ይህን ለማወቅ ብዬ ነው የማታውን የማስተርስ ትምህርት የተመዘገብኩት።

እዚያ ዶክተር ገረመውን አገኘሁ። ቀጭን ሰው ናቸው፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት ነው የሚለብሱት። በመጀመሪያው ቀን ከኮታቸው ኪስ የበር ማጠፊያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ይህን ዛሬ ጠዋት ገዛሁት፤ ካለፈው ወር ጨምሯል። ማነው የወሰነው?» አሉን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ገበያው» አለ። «ጥሩ፤ ገበያው የት ነው የሚኖረው? ስልኩን ስጠኝና ልደውልለት።» ሌላዋ «መንግሥት» ስትል «የትኛው ቢሮ፣ ስንተኛ ፎቅ?» አሏት። ያን ሴሚስተር እስኪያልቅ ድረስ ማንም ደፍሮ «ገበያው» አላለም።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ሱቅ ገብተው አንድ ነገር ሳይገዙ አፋቸውን አይከፍቱም። «መጀመሪያ ግዢ፣ ከዚያ የመቆም መብት ይኖርሻል» ይሉ ነበር። ስለዚህ ቢሯቸው በማጠፊያ፣ በቁልፍ፣ በሻማ፣ በሻይ ብርጭቆ የተሞላ ነበር፤ የማያውቃቸው ሰው ሊነግዱ ያሰቡ ይመስለዋል። ሁለተኛው፣ ጽሑፍ ሲያርሙ አስተያየት አይጽፉም። አንብበው አንብበው አላምን ያሉበት ቦታ ሲደርሱ የገጹን ጫፍ ያጥፉታል፣ ከዚያ ወዲያ አያነቡም። የታጠፈውን ገጽ ፈልጎ ምን እንደጎደለው ማወቅ የተማሪው ፈንታ ነው።

ትምህርቱን ስጨርስ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ መምህር እንደሚፈልጉና ዲግሪዬን እንደያዝኩ እንደሚቀጥሩኝ ነገሩኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። መመረቂያ ጽሑፌን በሙሉ ልብ ልሠራ ብዬ ባንኩን ለቀቅሁ። እናቴ «ባንክ ቤት ተለቆ?» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። እኔ ግን አልሰማሁም።

ርዕሴ የውጭ ምንዛሪ እጥረት በክፍለ ከተማችን ትንንሽ ነጋዴዎች ላይ ያመጣው ለውጥ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ አጻፍኩ፤ ከላይ አርማ፣ ከታች ክብ ሐምራዊ ማኅተም ያለበት ነው። እሱን ይዤ፣ መጠይቄን አንግቤ፣ ከመካኒሳ እስከ ነፋስ ስልክ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ሁሉም በክብር ተቀበሉኝ። ወንበር ሰጡኝ፣ ለስላሳ ከፈቱልኝ። ገበያ እንዴት ነው ስል ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀዝቅዟል» ይለኛል፤ ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ፣ ቀዝቅዟል» ይለኛል። አንዱማ «ቀዝቅዟል» የሚለውን ቃል ጀምሮ እስኪጨርስ ድረስ ደንበኛ ለማስተናገድ ስንት ጊዜ ተነስቷል። እኔም ቁጭ ብዬ ጠበቅሁትና «ቀዝቅዟል» ብዬ ጻፍኩ።

የጻፍኩትን በሰንጠረዥ አሰማመርኩት። መደምደሚያዬ የክፍለ ከተማው ችርቻሮ ንግድ ሞቷል የሚል ነበር።

ጽሑፉን በፈታኝ ፊት የምንከላከልበት ዲፌንስ የሚደረገው በእንግሊዝኛ ነው። ፈታኙ ወደ አማርኛ ከዞረ ወይ ወዶሻል፣ ወይ አልቆልሻል። የእኔ ፈታኝ ከሌላ ተቋም የመጡ ሸበቶ ሰው ነበሩ፤ ገና ሁለተኛው ጥያቄ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው በአማርኛ፣ «ነፋስ ስልክ ላይ ንግድ ከሞተ፣ በየመንገዱ የሚሠራው ይህ ሁሉ ሕንፃ ሚስማሩን ከየት አመጣው?» አሉኝ። ሰንጠረዤን ማገላበጥ ጀመርኩ። «አባትሽ ነጋዴ ነበሩ?» «አይደለም፣ አስተማሪ ነበሩ።» «ያስታውቃል» አሉና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ውጤቱ እንደገና ይሠራ የሚል ነበር፤ ማሻሻል ሳይሆን ከሥሩ። አንድ ዕድል ብቻ ቀረኝ። ኃላፊው ቦታውን እስከሚቀጥለው ሴሚስተር መጨረሻ ሊያቆዩልኝ ተስማሙ፣ ከዚያ በኋላ ለሌላ ይሰጣል። ባንኩን ለቅቄያለሁ፣ ዲግሪ የለኝም። ወደ መካኒሳ በሚወስደኝ ታክሲ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። አፍሬ ነበር፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ተናድጄ ነበር።

በማግስቱ የጽሑፌ አማካሪ የነበሩት ዶክተር ገረመው ቢሮ ሄጄ፣ «ካወቁ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ያረሙትን ቅጂ ከመደርደሪያ አውርደው ሰጡኝ። የሰንጠረዡ ገጽ ጫፉ ታጥፏል። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ታይፕ ላይ የገባ ስህተት መስሎኝ አንድ ፊደል አስተካክዬ አልፌው ነበር።

«ይህን ሁሉ ሰው ጠይቀሻል። ከማንኛቸው ምን ገዛሽ?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ተመለሽና ግዢ።»

መካኒሳ፣ ከቤቴ ብዙም የማይርቅ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ነበር፤ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ ፌሮ የሚሸጥበት። ባለቤቱ ሐጂ ሸምሱ ይባላሉ፣ የስልጤ ሰው፣ ወፍራምና ሳቂታ። ማኅተሙን ይዤ ስዞር ለስላሳ ከከፈቱልኝ አንዱ ናቸው። ሄጄ ማጠፊያ ገዛሁና ቆሜ ጥቂት አየሁ። ሌላ ቀን ሄጄ ቁልፍ ገዛሁ። ቀጥሎ መቀርቀሪያ፣ ቀጥሎ እንደገና ማጠፊያ። ሐጂ አንድ ቀን ዕቃውን ሳይሰጡኝ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው፣ «ልጄ፣ ቤትሽ ስንት በር ነው ያለው?» አሉኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ደነገጡ። «እና እኛ ነን የጣልንሽ?»

«እናንተ ናችሁ።»

«ወላሂ አላወቅንም። አንቺም ግን ልጄ፣ ማኅተም ይዘሽ መጣሽ። ማኅተም ይዞ የመጣ ሰው ገበያ እንዴት ነው ሲል ምን ይባላል? የግብር ሰው ነው ብለን ነዋ። ደግሞ እንኳን ለማኅተም፣ ለገዛ ወንድሜም ጥሩ ነው አልለውም። ዐይን አለ።»

ከዚያ የምቀመጥበት ዱካ አወጡልኝ። ሚስማር መመዘኛው አጠገብ አስቀመጡኝና ሕጋቸውን ነገሩኝ፤ ስማቸውን አልጽፍም፣ ሱቁ ውስጥ ብዕር አላወጣም፣ ሰው ከጠየቀ የእህታቸው ልጅ ነኝ። «አንገቴ ላይ ማተብ እያለ?» ብላቸው ትንሽ አሰቡና «በአባቷ ወገን ነው እላለሁ» አሉ።

እንዲህ ሆኜ ወራት ሚስማር መዘንኩ። ጣቴ እየተወጋ ቁጥር ስምንቱን ከቁጥር አሥሩ በእጄ መለየት ለመድኩ። ምንም አልጠየቅሁም። የማየው ግን መጠይቄ ላይ ያልነበረ ነገር ነበር። ሐጂ በየጠዋቱ ሱቁን ከፍተው፣ ዱአቸውን አድርገው፣ መጀመሪያ የሚሠሩት ሳሪስ ላለው አከፋፋያቸው ስልክ መደወል ነው። አከፋፋዩ ቶሎ ካነሳ ስለ ልጆች ጤና ተጠያይቀው ይዘጋሉ፣ ዋጋውም እንደነበረ ይውላል። አከፋፋዩ ራሱ ቀድሞ ከደወለማ ሐጂ ፈገግ ይላሉ፤ ዕቃ ገብቷል ማለት ነው፣ ሊረክስ ነው።

አንድ ሰኞ ደወሉ። አልተነሳም። ሻይ ጠጥተው እንደገና ደወሉ፣ አልተነሳም። ስልኩን አስቀመጡና ከዱካቸው ተነስተው የሚስማሩን ከረጢት ከፊት ወደ ኋላ ጎተቱት። ወዲያው አንድ የለመደ አናጢ ገባ፤ አዲሱን ዋጋ ሲሰማ ጮኸ። «ሐጂ፣ ቅዳሜ እኮ እንዲህ አልነበረም! ሚስማሩ ያው ነው፣ ከዚህ ቤት አልወጣ!»

«ቅዳሜ ስልኩ ይነሳ ነበር» አሉት።

አናጢው እያጉረመረመ ገዝቶ ሄደ። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው፣ ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠይቃቸው አስረዱኝ። «ሰው የገዛሁበትን ያሰላልኛል። እኔ የማሰላው የምተካበትን ነው። ዛሬ በሸጥኩበት ነገ መልሼ ካልገዛሁ፣ ሚስማር አይደለም የሸጥኩት፣ ሱቄን ነው።»

እጄን ሚስማሩ ውስጥ እንደከተትኩ ቀረሁ። አከፋፋዩ ስልክ የማያነሳው አስመጪው ዕቃ መቼ እንደሚገባ ስላልነገረው ነው። አስመጪው ያልነገረው ዶላር ስላልተፈቀደለት ነው። ዶላሩን የሚጠብቀው ደግሞ ወረፋ ይዞ ነው። ወረፋውን የማስይዘው እኔ ነበርኩ! አንድ ማመልከቻ ከሌላው ሥር ባስቀመጥኩ ቁጥር ሳሪስ አንድ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም፣ መካኒሳ አንድ አናጢ ይጮኻል። ከእኔ በላይ ደግሞ ለየትኛው ዕቃ ቀድሞ ዶላር እንደሚሰጥ የሚወስን አለ፣ ከእሱ በላይ ቡናችንን በስንት እንደሚገዛ የሚወስን ባዕድ አገር አለ። ዶክተር ገረመው ማጠፊያውን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡበት ቀን ጀምሮ የፈለግሁት መልስ ከእግር እስከ ራሱ ታየኝ። እንደዚያ ቀን በሕይወቴ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አዲሱን ጽሑፍ በዚህ ላይ ሠራሁት። ነጋዴ በምንዛሪ እጥረት ጊዜ እንዴት እንደሚያውቅ፣ ምን ምልክት እንደሚያነብ፣ ዋጋን በመተኪያው እንደሚተምን፣ የዶላር ወረፋ አሰላለፍም ይህን ሁሉ ከላይ እንዴት እንደሚመራው። በሐጂ ሱቅ ያየሁትን በሌሎች ሱቆች እየገዛሁ፣ እየቆምኩ አመሳከርኩ። ዶክተር ገረመው ረቂቁን ሲመልሱልኝ ጫፍ ጫፉን አገላብጬ አየሁ። የታጠፈ ገጽ አልነበረም።

ለሁለተኛው ዲፌንስ ስገባ እኚያው ሸበቶ ፈታኝ ተቀምጠዋል። አማካሪ፣ ፈታኝ ሲናገር፣ ጣልቃ አይገባም፤ ደንቡ ነው፤ ዶክተር ገረመው ጥግ ይዘው ጫማቸውን ያያሉ። ፈታኙ ጥቂት እንግሊዝኛ ተናገሩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ብዙ የተቀመጥሽበት ሱቅ የማን ነው?»

«ስሙን ላልናገር ቃል ገብቻለሁ።»

«ስም የሌለውን ምንጭ እንዴት ብለን እንመን?»

«ባለፈው ጊዜ ስም የነበራቸውን ሁሉ አምኜ ነው የወደቅሁት» አልኳቸው። ይህን ያልኩት ድፍረት ስለነበረኝ አይደለም፤ ሌላ መልስ ስላልነበረኝ ነው። ሐጂን አሳልፌ ከመስጠት ደግሞ መውደቁ ይሻለኝ ነበር።

ፈታኙ ወረቀቱን ገፋ አደረጉት። «እሺ። እኔ ለቡ ቤት እየሠራሁ ነው። ክዳን ልገዛ ነው። አሁን ልግዛ ወይስ ከበዓል በኋላ?»

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«የአከፋፋይ ስልክ አለዎት?»

«አለኝ።»

«ይደውሉለት። ካነሳ ይጠብቁ። ካላነሳ ዛሬ ይግዙ።»

ይደውላሉ ብዬ አልጠበቅሁም። ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ደወሉ። ከጸጥታው የተነሳ ጥሪው ለሁላችን ይሰማል። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ድጋሚ ደወሉ። ጠራ፣ ቆመ። ስልኩን ኪሳቸው መለሱና «ጥያቄዬን ጨርሻለሁ» አሉ። ውጤቱ ተነግሮ ፊርማው እንዳለቀ እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት እንኳ አልቆዩም፤ በመስኮት ሳያቸው ወደ መኪናቸው በጥድፊያ ይራመዱ ነበር። የክዳን ቆርቆሮ በዓሉ ሳይደርስ ጨመረ።

ዶክተር ገረመው ቢሯቸው ወሰዱኝ። ከመደርደሪያቸው አንድ ማጠፊያ አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። የተጠረዘውን ቅጂ ለሐጂ ስወስድላቸው ከፊት እስከ ኋላ ገለጡትና «ስሜ የለም?» አሉ። «የለም።» «አላህ ይባርክሽ» ብለው ከሲሚንቶው ኋላ አስቀመጡት።

ከዚያ በኋላ ያለው ማስተማር ነው። ብዙ ኃላፊ ተፈራረቀ። ስብሰባ የሚወድ ነበር፣ ስብሰባ የሚፈራ ነበር። ሥርዓተ ትምህርቱም ስንት ጊዜ ተከለሰ። የእኔ ክፍል ግን ሁልጊዜ በማጠፊያ ይጀምር ነበር፤ ማጠፊያውም ዶክተር ገረመው የሰጡኝ ያው ነው። ያለ ግዢ የትብብር ደብዳቤ አልፈርምም ነበር። ከላፍቶ ገበሬ ቤተሰብ የመጣ ቶሎሳ የሚባል ተማሪ ከውጭ የሚገባ የዱቄት ወተት የአካባቢውን ወተት ገበያ ምን እንዳደረገው ሊያጠና ተነሳ። ሲቸኩል ምክር አይሰማምና መጠይቁን አንግቦ የሄደው ወደ ገዛ አባቱ ነው። አባቱ ልጃቸውን አዩት፣ ወረቀቱን አዩት፣ «ላሟ ደክማለች» አሉት። ቶሎሳ ይህን ሲነግረኝ በጣም አዝኖ ነበር። «ተመለስና ከእሳቸው ጋር ወተት አመላልስ» አልኩት። ዛሬ አገራችን ከውጭ መንግሥታት ጋር በምትደራደርበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ማዶ ያሉት «ገበያችን ደካማ ነው» ሲሉት ምን ማለታቸው እንደሆነ ያውቃል።

አሁን ሙያው ተለውጧል። ተማሪው መጠይቁን በቴሌግራም ሊንክ ይበትናል፤ ሰው ታክሲ ውስጥ ሆኖ «እስማማለሁ፣ እስማማለሁ» እያለ ይነካካዋል። መልሱ በአንድ ቀን ይሰበሰባል፣ ግራፉም ያምራል። እኔ ደግሞ እስከመጨረሻው ያላመንኩበትን ገጽ ጫፉን አጥፌ እመልስ ነበር። ጡረታ መውጣቴ ለአንዳንዱ ተማሪ ዕረፍት ሳይሆንለት አልቀረም።

የስንብቱ ዕለት ኬክ ተቆረሰ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሰጠኝ። ሰዓቱን በብብቴ ይዤ ሐጂ ሱቅ ጎራ አልኩ። ሱቁን የምታስተዳድረው ልጃቸው ዘይነባ ናት። እሳቸው አርጅተው፣ ከስተው፣ እኔ እቀመጥበት የነበረው ዱካ ላይ ተቀምጠው ሚስማር በጣታቸው ያገላብጣሉ። በየጊዜው ባለፍኩ ቁጥር ገበያ እንዴት ነው ስላቸው ቀዝቅዟል ሲሉኝ ነው የኖሩት፤ ያን ቀን ግን ቀደሙኝ።

«ጡረታ ወጣሽ አሉ። እንዴት ነበር ገበያው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ሐጂ፣ ቀዝቅዞ ነበር።»

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «አሁን ነጋዴ ሆንሽ» አሉኝ። ሳቃቸው ሲበርድ ዘይነባ ደንበኛ እያስተናገደች መሆኑን አይተው በእጃቸው ጠጋ በይ አሉኝ።

«የእኔ ግን» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ ነበር። ለማንም እንዳትናገሪ።»

አልተናገርኩም። ሐጂ ካለፈው ረመዳን በፊት አረፉ፣ አላህ ይዘንላቸው፤ ቀብራቸው ላይ የመካኒሳ ነጋዴ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ቆሞ ነበር። አሁን ዐይን አያገኛቸውምና ልናገር። ሐጂ ሸምሱ ገበያቸው ጥሩ ነበር። እኔም ያን ቀን ዋሽቻቸዋለሁ፤ የእኔም ጥሩ ነበር።